ጥቁሩን መስኮት መልመድ፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የትዕዛዝ መስመር መመሪያ

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ካሉት የኅትመት ቤቶች በአንዱ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የነበረችው ተማሪ ፍላሿን ሰጠች፤ ሲከፈት ሥራዋ በሙሉ ሾርትከት ሆኗል። የፎልደሮቹ ስም አለ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። ማስረከቢያው ከሰዓት በኋላ ስለነበር የልጅቷ ፊት ዐመድ መሰለ። ኅትመት ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ልጅ አልተደናገጠም። አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተ፣ አንድ መስመር ጻፈ፣ ኢንተርን ተጫነ። ከሾርትከቶቹ መካከል እውነተኞቹ ፎልደሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ከዚያም የኅትመቱን ሒሳብ ብቻ ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ።

እኔ የኮምፒውተር ተማሪ ተብዬ ዓመት ሙሉ ስማር የቆየሁ ሰው ያንን መስኮት አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ማታ ዶርም ገብቼ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ የጻፍሁት በቁጭት ነው። ከዚያ ወዲህ ለታናናሾቼ ደጋግሜ ያሳየሁትን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የኮምፒውተር ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከዚህ ትምህርት ብዙ ሲጠቀሙ ያየኋቸው መጠይቅ የሚሰበስቡ የጤናና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው።

በቅድሚያ ስለ አጻጻፌ

ትዕዛዞች የሚተየቡት በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ነው። እዚህ ግን በፊደላቱ ስም እየጠራሁ በግእዝ ፊደል እጽፋቸዋለሁ። «ኤልኤስ» ካልሁ ኤል እና ኤስ የሚባሉትን ሁለት ፊደላት ሳትለያዩ አከታትላችሁ ተይቡ ማለቴ ነው። እንደ «ካት» እና «ሶርት» ያሉት እንደ አንድ ቃል የሚነበቡ ስለሆኑ እንደሚነበቡ አስፍሬያቸዋለሁ። ክፍተት ያየህበት ቦታ ክፍተት፣ ሰረዝ ያየህበት ቦታ ሰረዝ ተጫን፤ ጌጥ ሆነው የገቡ አይደሉም። የፋይልና የፎልደር ስሞችን በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩም እንዲሁ ይቀበላቸዋል። የአማርኛ ሰሌዳ ካልጫናችሁ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል መተካት ትችላላችሁ፣ ምንም አይጎድልባችሁም።

እንግዲህ ያ ልጅ የጻፈው መስመር ይህ ነበር። የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ በመፈለጊያው ላይ «ሲኤምዲ» ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣውን መስኮት ከፍታችሁ፦

ኤቲቲአርአይቢ -ኤች -አር -ኤስ /ኤስ /ዲ ጂ:\*.*

መጨረሻ ላይ ያለችው ጂ የፍላሹ መጠሪያ ናት፤ በእናንተ ኮምፒውተር ኢ ወይም ኤፍ ልትሆን ስለምትችል አይታችሁ ቀይሩ። ቫይረሱ ፋይሎቹን አላጠፋቸውም፤ «ስውር» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ለጥፎ ደብቋቸው በስማቸው ሐሰተኛ ሾርትከት አስቀመጠ እንጂ። መስመሩ የሚለው «ስውርነቱን አንሣ፣ ለማንበብ ብቻ የሚለውን አንሣ፣ የሲስተምነቱን አንሣ፤ ይህንም በውስጠኞቹ ፎልደሮች ሁሉ አድርግ» ነው። ቫይረሱን ግን አይገድልም። ሾርትከቶቹን ሳትከፍቱ ሰርዟቸው፣ ከዚያ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ አስፈትሹት።

መስኮቱን ማግኘት

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚመራ ሥርዓተ ክወና ነው፤ የተጀመረው በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ በተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። ዛሬ የዓለም ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚሠሩበት ስለሆነ እዚህ የምትማሩት ነገር ከምርቃት በኋላም አብሯችሁ ይቆያል።

ሦስት መንገድ አለ። ላፕቶፕ ካላችሁና ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ፣ ፓወርሼል የሚባለውን ሌላውን የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት በአስተዳዳሪነት ከፍታችሁ «ደብሊውኤስኤል --ኢንስቶል» ብላችሁ ጻፉ። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያወርዳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ብዙ ዳታ ስለሚወስድ በሞባይል ካርድ አትሞክሩት፤ የግቢው ዋይፋይ ሰው ሲተኛ ይፈጥናልና ሌሊት ወይም ማለዳ አውርዱ። ሁለተኛው መንገድ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጽፎ ሳይጭኑ ከፍላሹ ማስነሣት ነው። የላፕቶፑን ዊንዶውስ ሳይነካ ይሠራል፤ ነገር ግን ሲጠፋ የጻፋችሁት አብሮ እንደሚጠፋ አትርሱ።

ሦስተኛው ላፕቶፕ ለሌላችሁ ነው፣ ለብዙዎቻችንም የመጀመሪያው በር እርሱ ነበር። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ተርሙክስ የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ኤፍ-ድሮይድ ከተባለው የነፃ ሶፍትዌር ማከማቻ አውርዱት። ከዚህ በታች ከምናደርገው አብዛኛው በስልክ ይሠራል። ጣት ይደክማል እንጂ እውቀቱ አንድ ነው።

በዊንዶውስ ውስጥ የጫናችሁት ኡቡንቱ መጀመሪያ ሲከፈት ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኮከብም ነጥብም አይወጣም። ኪቦርዱ የተበላሸ መስሏቸው ላፕቶፑን የዘጉ ሁለት ልጆች አውቃለሁ። ጽፋችሁ ኢንተርን ተጫኑ፣ በቃ።

የቆማችሁበትን ማወቅ

መስኮቱ ሲከፈት ስማችሁ፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ አንዲት የሞገድ ምልክት ~ እና የዶላር ምልክት ይታያሉ። የዶላሯ ምልክት «እየሰማሁ ነው» ማለት ናት። ~ ደግሞ የቤታችሁ ምልክት ናት፤ ለእናንተ የተመደበው ፎልደር ውስጥ ቆማችኋል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመዳፊት ስንሠራ የት እንዳለን ዓይናችን ያየዋል። በጥቁሩ መስኮት ግን የቆሙበትን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስቱን አሁኑኑ ሞክሩ፦

ፒደብሊውዲ
ኤልኤስ
ሲዲ

የመጀመሪያው «የት ነኝ?» ነው፤ በእዝባር / የተከፋፈለ አድራሻ ይመልሳል። ሁለተኛው «እዚህ ምን አለ?» ነው። ሦስተኛው ፎልደር ለመቀየር ሲሆን ብቻውን ሲጻፍ ከየትም ወደ ቤት ይመልሳችኋል። ስትጠፉ «ሲዲ» ብላችሁ ኢንተር፤ ቤታችሁ ናችሁ።

አሁን አንድ ነገር እንገንባ። ጎንደር ላይ ቁጭ ብለን «ፎልደር 1፣ ፎልደር 2» እያልን የምንለማመድበት ምክንያት የለም። በ1636 እ.ኤ.አ. ግድም ዐፄ ፋሲለደስ ከተማውን ሲቆረቁሩ የተጀመረው ግቢ ራሱ የፎልደር ትምህርት ነው፦ አንድ የውጭ አጥር፣ በውስጡ የየንጉሡ ግንብ፣ በየግንቡ ውስጥ ክፍል። ጻፉ፦

ኤምኬዲአይአር ግቢ
ሲዲ ግቢ
ኤምኬዲአይአር ፋሲል ዮሐንስ ኢያሱ ዳዊት በካፋ ምንትዋብ
ኤልኤስ

በአንድ መስመር ስድስት ግንብ ሠራችሁ። ነገሥታቱ ለዚህ መቶ ዓመት ግድም ፈጅቶባቸዋል። «ኤምኬዲአይአር» ፎልደር ሠሪው ነው፤ ክፍተት ባየ ቁጥር አዲስ ስም መጣ ይላል። ስለዚህ «ታላቁ ኢያሱ» ብላችሁ ብትጽፉ አንድ ንጉሥ ለሁለት ይከፈልባችኋል፤ «ታላቁ» የሚባል አንድ ፎልደር፣ «ኢያሱ» የሚባል ሌላ ፎልደር። መፍትሔው በሥር ሰረዝ ማያያዝ ነው፤ ታላቁ_ኢያሱ። ወይም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገቡት። እኔ የሥር ሰረዙን እመርጣለሁ፤ ጥቅስ መክፈት የሚረሳ የለም፣ መዝጋት የማይረሳ ሰው ግን ብርቅ ነው።

የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት በግቢው ውስጥ አለ። እኛም እንጨምር፦

ሲዲ ዮሐንስ
ኤምኬዲአይአር ቤተ_መጻሕፍት
ሲዲ ቤተ_መጻሕፍት
ፒደብሊውዲ

የሚመጣው አድራሻ ከውጭው አጥር ጀምሮ እስከ ቆማችሁበት ክፍል ያሉትን በሮች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። መጀመሪያ ያለችው ብቸኛ እዝባር / የሁሉ ነገር የውጭ አጥር ናት። መንገድ ስንጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። አንደኛው «ከፒያሳ ተነሥተህ» ብሎ ይጀምራል፤ ጠያቂው የትም ይቁም የት ይሠራል። ሁለተኛው «ከዚህ ወደ ግራ» ይላል፤ የሚሠራው ለቆምህበት ቦታ ብቻ ነው። በእዝባር የሚጀምር አድራሻ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ በእዝባር የማይጀምር ሁለተኛው። ሁለት ነጥብ .. ደግሞ «አንድ በር ወደ ኋላ» ናት። ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ኢያሱ ግንብ ለመሄድ፦

ሲዲ ../../ኢያሱ

ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥታችሁ፣ ከዮሐንስ ወጥታችሁ፣ ኢያሱ ገባችሁ። ይህችን መስመር እየሄዳችሁበት ያለ መንገድ አድርጋችሁ እስክታዩዋት ድረስ አትለፏት፤ «ፋይሉ ጠፋ» ብለው ከሚመጡብኝ ተማሪዎች ዐሥሩ ውስጥ ዘጠኙ የጠፉት ራሳቸው ናቸው፣ ፋይሉ ባለበት አለ።

ታብ

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን ያዙ። በ«ሲዲ ..» ከኢያሱ ወደ ግቢ ተመለሱና «ሲዲ ምን» ብላችሁ የታብን ቁልፍ ተጫኑ፤ ምንትዋብ ብሎ ራሱ ይጨርሰዋል። ሁለት ተመሳሳይ ስም ካለ ታብን ሁለቴ ስትጫኑ ምርጫዎቹን ይዘረዝራል። ታብ ድካም ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ የማይጨርስላችሁ ከሆነ ያ ስም እናንተ በቆማችሁበት ቦታ የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ ገና ሳትሳሳቱ ስሕተታችሁን ነገራችሁ። ወደ ላይ የምታመለክተው ቀስት ደግሞ ቀድማችሁ የጻፋችሁትን ትመልሳለች።

ዝምታውን መስማት

«ኤምኬዲአይአር» ስትሉ ምን መልስ ሰጣችሁ? ምንም። ይህ ዝምታ ጀማሪን ያስጨንቃል፤ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም? ብሎ ደግሞ ይጽፋል፣ ያኔ «አስቀድሞ አለ» የሚል ስሕተት ይመጣበታል። የትዕዛዝ መስመር እንደ ድሮ ጨዋ ቤት ነው፤ የተላከው ልጅ ሥራውን ሲጨርስ አያወራም፣ የሚያወራው ያልቻለ እንደሆነ ነው። ዝም ካለ ሠርቷል።

ሲናገር ግን አንብቡት። የሚመጣውን ቀይ ወይም ነጭ ጽሑፍ ሳያነብ «አልሠራም» ብሎ የሚጠራኝ ተማሪ ብዙ ነው፣ መልሱ ግን እዚያው ተጽፎ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። «ትዕዛዙ አልተገኘም» የሚል ከሆነ አጻጻፉን ተሳስታችኋል ወይም ፕሮግራሙ አልተጫነም። «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ካለ የቆማችሁበትን ተሳስታችኋል፤ «ፒደብሊውዲ» እና «ኤልኤስ» በሉ። «ፈቃድ የለም» ካለ የእናንተ ያልሆነ ነገር እየነካችሁ ነው። ለዚህ ለሦስተኛው ከኢንተርኔት ያገኙትን ሁሉ ፊቱ ላይ «ሱዶ» እየለጠፉ ማስኬድ የተለመደ ነው። «ሱዶ» የአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው፤ ፕሮግራም ለመጫን ትጠቀሙበታላችሁ፣ ፋይል ስትሰርዙ ግን አጠገቡ አትድረሱ።

ሥራው አልቆም ካለ ኮንትሮልን ይዛችሁ ሲን ተጫኑ። ረጅም ጽሑፍ ተከፍቶ መውጫ ካጣችሁ ኪው ተጫኑ።

መጻፍ፣ መቅዳት፣ ማዛወር

«ኢኮ» የገደል ማሚቶ ነው፤ ያላችሁትን መልሶ ይላል። ብቻውን ጨዋታ ይመስላል፤ ከቀስት ጋር ሲሆን ግን ይጽፋል። ወደ ግቢ ተመልሳችሁ፦

ኢኮ "የተጀመረው በፋሲለደስ ነው" > ፋሲል/ማስታወሻ
ኢኮ "ውጭው በድንጋይና በኖራ" >> ፋሲል/ማስታወሻ
ካት ፋሲል/ማስታወሻ

አንዷ ቀስት > ፋይሉን እንደ አዲስ ትጽፋለች፤ የነበረውን ታጠፋለች። ሁለቱ ቀስቶች >> ከነበረው በታች ይጨምራሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ፊደል መሆኑ ክፉ ዕድል ነው፤ ተጠንቀቁ። «ካት» የፋይሉን ይዘት ያሳያል፤ ከድመት ጋር ግንኙነት የለውም፣ ማያያዝ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠ ነው። ረዘም ያለ ጽሑፍ ለመጻፍ «ናኖ ማስታወሻ» በሉ፤ ኮንትሮልና ኦ ያስቀምጣል፣ ኮንትሮልና ኤክስ ያስወጣል።

መቅዳት «ሲፒ» ነው፣ ማዛወር «ኤምቪ»። ስም መቀየርም በ«ኤምቪ» ነው፤ ከአሮጌው ስም ወደ አዲሱ ማዛወር እንደማለት። ሙሉ ፎልደር ስትቀዱ «ሲፒ -አር» በሉ። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ማጥፋት ግን አለው። «አርኤም» የሚያጠፋው ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያ አይሄድም፤ ጠፍቶ ይቀራል። አራተኛ ዓመት ላይ ጊዜያዊ1፣ ጊዜያዊ2፣ ጊዜያዊ3 የሚባሉ ፎልደሮችን ለማጥፋት ፈለግሁ። ኮከብ ምልክት «ማንኛውም ነገር» ማለት ስለሆነ ልጽፍ የነበረው ይህንን ነው፦

አርኤም -አር ጊዜያዊ*

የጻፍሁት ይህንን ነው፦

አርኤም -አር ጊዜያዊ *

አንድ ክፍተት። ኮምፒውተሩ የተረዳው «ጊዜያዊን አጥፋ፣ ከዚያም እዚህ ያለውን ማንኛውንም ነገር አጥፋ» ብሎ ነው። «ጊዜያዊ የሚባል የለም» ብሎ አንዲት መስመር ተናገረ፣ የቀረውን ሁሉ ግን እንደ ልማዱ ዝም ብሎ አጠፋ። የሁለት ሳምንት መጠይቅ ከነፎልደሩ ሄደ፤ የወረቀት መጠይቆቹ አልጋዬ ሥር ባይኖሩ ኖሮ የመመረቂያ ጽሑፌም አብሮ ይሄድ ነበር። ሦስት ሌሊት እንደገና ተየብሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ፦ ከማጥፋቴ በፊት በ«አርኤም» ቦታ «ኤልኤስ» አድርጌ አስኬደዋለሁ። የሚጠፉትን ስም ዘርዝሮ ያሳየኛል። ልክ ከሆነ የላይኛዋን ቀስት ተጭኜ «ኤልኤስ»ን ወደ «አርኤም» እቀይራለሁ። «አርኤም -አይ» ብትሉም አንድ በአንድ እየጠየቀ ያጠፋል።

ቧንቧው

ጎንደር ውስጥ ቧንቧ ሲባል ጄሪካን ደርድሮ ተራ መጠበቅ ትዝ የማይለው ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ይህኛው ቧንቧ ግን አይቋረጥም። ቁም ሰረዝ | የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ወደ ቀጣዩ ትዕዛዝ ታፈስሳለች። በ1973 እ.ኤ.አ. ዳግ ማክልሮይ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ባቀረበው ሐሳብ፣ ለሊኑክስ አርአያ በሆነው በዩኒክስ ውስጥ የገባች ናት፣ እስከ ዛሬም ከእርሷ የተሻለ አልተገኘም።

«መጠይቅ» የሚባል ፋይል በ«ናኖ» ክፈቱና ይህን ጻፉበት። ቁጥር፣ ጾታ፣ ሰፈር ነው፤ በነጠላ ሰረዝ የተለየ። ከኤክሴል «ሲኤስቪ» ብላችሁ የምታስቀምጡትም መልኩ ይኸው ነው።

1,ሴት,ማራኪ
2,ወንድ,አዘዞ
3,ሴት,ዐዘዞ
4,ወንድ,ማራኪ
5,ሴት,አራዳ
6,ወንድ,ማራኪ

ከየሰፈሩ ስንት ሰው እንደተጠየቀ ማወቅ እንፈልጋለን፦

ከት -ዲ, -ኤፍ3 መጠይቅ | ሶርት | ዩኤንአይኪው -ሲ | ሶርት -ኤንአር

በአንዴ አትጻፉት። መጀመሪያ «ከት»ን (ቁረጥ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው) ብቻ አስኬዱ፤ በነጠላ ሰረዝ ቆርጦ ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ ያወጣል። የላይኛዋን ቀስት ተጭናችሁ «ሶርት»ን ጨምሩ፤ ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ከዚያ «ዩኤንአይኪው»ን ጨምሩ፤ ይህ የሚቆጥረው ተከታትለው የመጡትን ብቻ ስለሆነ ነው ቀድመን የደረደርነው። የመጨረሻው ከብዙ ወደ ጥቂት ያሰልፋል። እንዲህ ይመጣል፦

3 ማራኪ
1 ዐዘዞ
1 አዘዞ
1 አራዳ

አዘዞ ሁለት ሆነ! እኛ ስናነበው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ ማዶ ለማዶ ያሉ ፊደላት ናቸው። ሁለት መረጃ ሰብሳቢ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይዞ ከሄደ ሠንጠረዣችሁ ውስጥ የሌለ ሰፈር ይፈጠራል። በእንግሊዝኛ በተጻፉት መማሪያዎች ይህን የሚነግራችሁ አታገኙም፤ ችግሩ የእኛ ነውና። ማስተካከያው፦

ኤስኢዲ 'ኤስ/ዐዘዞ/አዘዞ/ጂ' መጠይቅ > መጠይቅ2

በጥቅሱ ውስጥ ያሉት ኤስ እና ጂ እንደ ትዕዛዞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ይተየባሉ። «ዐዘዞ ያለውን አዘዞ በለው፣ በሁሉም ቦታ» ነው። የቀስቷ መድረሻ ሌላ ስም መሆኑን ልብ በሉ። ወደዚያው ወደ «መጠይቅ» ብትመልሱት ኮምፒውተሩ ማንበብ ሳይጀምር ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ባዶ አንብቦ ባዶ ይጽፋል። አሁን የቧንቧውን መስመር በ«መጠይቅ2» ላይ ድገሙት፤ አዘዞ 2 ይላል።

ፍለጋም በዚሁ ይሰናከላል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ውስጥ ፀሐይ የሚለውን ቃል አንዴ በፀ፣ አንዴ በጸ፣ አንዴ በሐ፣ አንዴ በሀ ጽፋችሁት ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ፍለጋ የሚያገኝ መስመር ይኸው፦

ጂአርኢፒ -ኤን '[ጸፀ][ሀሐኀሃ]ይ' ጽሑፍ

«ግሬፕ» ተብሎ የሚጠራው ትዕዛዝ ቃል ፈላጊ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው። -ኤን የመስመሩን ቁጥር ያሳያል። ይህን ዘዴ ስሠራበት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አንድን ቃል በሦስት መልክ ጽፌ አገኘሁት፤ አማካሪዬ ያላየውን እርሱ አየው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚሠራው በጽሑፍ ፋይል ላይ ነው እንጂ በወርድ ፋይል ላይ አይደለም፤ ከወርድ ውስጥ «እንደ ጽሑፍ አስቀምጥ» ብላችሁ፣ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አቀማመጥ መርጣችሁ አውጡት።

ዩቲኤፍ-8 ካልሁ አይቀር አንዲት ሙከራ አድርጉ፦

ኢኮ -ኤን ጎንደር | ደብሊውሲ -ኤም
ኢኮ -ኤን ጎንደር | ደብሊውሲ -ሲ

የመጀመሪያው 4 ይላል፣ ሁለተኛው 12። ጎንደር አራት ፊደል ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በማከማቻው ላይ ሦስት ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር በራሱ ቁጥር ይጽፍ ስለነበር ነው የድሮ ፋይሎች ዛሬ ስንከፍታቸው የተዘበራረቀ ምልክት የሚሆኑት። «እስከ 100 ባይት ብቻ» የሚል ቅጽ ላይ ስማችሁ ከተቆረጠ ምክንያቱን አወቃችሁ። በነገራችን ላይ «ደብሊውሲ -ኤል» መስመር ይቆጥራል፤ ስንት መጠይቅ እንደገባ በአንድ ሰከንድ የምታውቁበት ነው።

መብራት ሲጠፋ

«ሂስትሪ» ብትሉ የጻፋችሁትን ሁሉ በተራ ያሳያል። ይህን ታሪክ ግን ወደ ፋይል የሚጽፈው መስኮቱ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሳላችሁ መብራት ድንገት ከሄደ የዕለቱ ታሪክ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የሠራላችሁን መስመር ደብተር ላይ ገልብጡ። ይስቁባችሁ ይሆናል፤ የእኔ ደብተር ግን አሁንም ላፕቶፔ ቦርሳ ውስጥ አለ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። የተጫነው መምሪያም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ «ማን ኤልኤስ» ብትሉ የ«ኤልኤስ»ን ሙሉ ማብራሪያ ያወጣል፣ በኪው ትወጣላችሁ። ረጅምና ደረቅ ነው፤ ምሳሌ ፈልጋችሁ እለፉት። «ኤልኤስ --ኸልፕ» አጠር ይላል።

በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ለአንድ ሳምንት ፋይል ለመቅዳትና ስም ለመቀየር መዳፊቱን አትንኩ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ትናደዳላችሁ፣ ስድስተኛው ላይ እጃችሁ ታብን ሳታስቡት ይፈልጋታል።

የመጨረሻው ሥራ፦ ወደ ፍላሽ

ዛሬ የሠራችሁትን ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ወደ ቤት ተመለሱና፦

ሲዲ
ታር -ሲዜድኤፍ መጠባበቂያ ግቢ
ኤልኤስ -ኤልኤች መጠባበቂያ

«ታር» ሙሉውን ግቢ ከነግንቦቹ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያሳንሰዋል። መጀመሪያ የሚጻፈው የጥቅሉ ስም ነው፣ የሚጠቀለለው ኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ብታፋልሱት የምትጠቀልሉት ነገር ላይ ሊጽፍበት ይሞክራል። ሦስተኛው መስመር መጠኑን ሰው በሚረዳው አኃዝ ያሳያል። «ታር -ቲኤፍ መጠባበቂያ» ብትሉ ጥቅሉን ሳትፈቱ በውስጡ ያለውን ታያላችሁ፣ «ታር -ኤክስኤፍ መጠባበቂያ» ደግሞ ይፈታዋል።

በዊንዶውስ ውስጥ ኡቡንቱን የጫናችሁ፣ የዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ በ«/ኤምኤንቲ/ሲ» አድራሻ ስለሚገኝ ጥቅሉን ወደዚያ ቅዱና በለመዳችሁት መንገድ ወደ ፍላሽ አሻግሩት። ኡቡንቱን በቀጥታ የምትጠቀሙ ፍላሹን ሰኩ፤ «/ሚዲያ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ በእናንተ የተጠቃሚ ስም ሥር ይገኛል፤ ስሙን በታብ አስጨርሱ። በ«ሲፒ» ከቀዳችሁ በኋላ ወዲያው አትንቀሉት፤ ኮምፒውተሩ «ጨረስሁ» ያለው ነገር ገና በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ውስጥ ሊሆን ይችላል። ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ የሚሉትን አራት ፊደላት ጽፋችሁ ኢንተርን ተጫኑ። የፍላሹ መብራት ትንሽ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር የዶላሯን ምልክት ይመልስላችኋል። ያን ጊዜ የማስወጫ ምልክቱን ነክታችሁ ንቀሉት።